በዐይኑ ዐ የጻፈው ሰው

«ማን አስተማረህ? እኮ ንገረኝ! ዐይን በዐይኑ ዐ ነው የሚጻፈው ብሎ ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

«እኔ ነኝ! እዚህ ወንበር ላይ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ እግርህ መሬት ሳይነካ! አሁን በገዛ ፊደሌ ታርደኛለህ?»

«ለእርስዎ ብዬ አልጻፍኩትም።»

«ታዲያ ለማን ነው የጻፍከው?»

ለማን እንደ ጻፈው አባቱ አሳምሮ ያውቃል፤ ወረቀቱ የሚጀምረው «ጌታ ሆይ» ብሎ ነው።

እናትየው መስኮቱ ሥር ቆማ ልብስ ትተኩሳለች። ጭቅጭቁ ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት አልፎታል፤ እስካሁን የገባት ነገር ቢኖር ባሏና ልጇ በአንዲት ፊደል መጣላታቸው ነው። ከፊደል ለቃሚ ጋር ሠላሳ ዓመት ለኖረች ሴት ይህ ብርቅ አይደለም። ባሏ አንድ ጊዜ የመድኃኒት ቤት ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ፊደል አይቶ፣ መሰላል ተውሶ ሊያርም ሲወጣ በዘበኛ የተያዘ ሰው ነው።

«ኧረ ተዉኝ እናንተ ሰዎች!» አለች ካውያውን እየገፋች። «ዐይን በዚህኛው ተጻፈ በዚያኛው፣ ያው አያይም እንዴ? ጎረቤት ይታዘበናል።»

ሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ ንግግሯ የግማሽ ቀን ትምህርት ይሰጣት ነበር። ዛሬ ግን ቀና ብሎም አላያት።

ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ቆሞ ከእርሳስ ብረት የተቀረጸ የኅትመት ፊደል ሲለቅም የኖረ ነው። ኮምፒዩተር ሥራውን ወስዶበት ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ጣቶቹ ግን አሁንም ሲናገር አየር ላይ ፊደል ይለቅማሉ። በአፍ አንድ ሆነው በጽሑፍ የሚለያዩት ፊደሎች ለሱ እንደ ሰው ናቸው፤ እያንዳንዳቸውን በስማቸው ይጠራቸዋል፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ሐመሩ ሐ፣ ንጉሡ ሠ። ሰው ሁሉ እጁ ላይ የመጣለትን እየጻፈ መኖር ከጀመረ ስንት ዘመኑ! በዚህ ቤት ግን ፊደል ሁሉ ቦታ ቦታ አለው። ልጁም በዚሁ ወጣ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ በዚያው ማተሚያ ቤት አራሚ ነው፤ ቀይ ብዕር ይዞ የሰርግ ካርድ፣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የዶሮ መኖ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር ያርማል። ባልደረቦቹ «ዳኛው» ይሉታል። ለሚስቶቻቸው መልእክት ሲጽፉ እንኳ ስልካቸውን ከሱ ይሸሽጋሉ።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው እሑድ ነው። በጸሎት አዳራሹ መግቢያ ላይ አንዲት የእንጨት ሣጥን አለች። ጭንቅ ያለበት ሰው ስሙን ሳይጽፍ ጭንቁን ጽፎ ይከትባታል፤ እሑድ ጠዋት ከመዘምራኑ አንዷ በድምፅ ማጉያ ታነብባለች፤ ጉባኤው ይጸልይበታል። ሥራ ያጣ ሥራ፣ የታመመ ጤና፣ ያላገባች ባል ትለምናለች። የዚያን እሑድ አንባቢ ነርሷ ነበረች፤ ወፍራም ድምፅ ያላት፣ በሥራዋ ብዙ ጉድ ስላየች በቶሎ የማትደነግጥ ሴት።

«ጌታ ሆይ፣ ዐይኔ የሚያርፈው ወንድ ላይ ነው፣» ብላ ጀመረች።

አዳራሹ ፈገግ አለ። አንዷ ልጅ ለባል ቸኩላለች ማለት ነው። ሴቶቹ በክርናቸው ተነካኩ።

«ከዐሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። እኔም ወንድ ነኝ።»

ነርሷ ያነበበችውን የሰማችው ካነበበች በኋላ ነው። ወረቀቱን ገልብጣ አየች፤ ጀርባው ባዶ ነው። ሁለት መስመር ይቀራት ነበር፤ አጥፋ ለሽማግሌዎቹ ሰጠች። «ሕመም ከሆነ ውሰድልኝ። ካልሆነ ግን ከቤትህ አታስወጣኝ» የሚሉትን ሁለት መስመሮች ማንም አልሰማቸውም፤ ማንም አልጸለየባቸውም።

ልጁ ያንን ወረቀት በግራ እጁ ነበር የጻፈው። ፊደሎቹ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጽሑፍ ተንጋደዋል፤ እናቱ እንኳ ብታየው አትለየውም። የሰው መታወቂያው እጁ ብቻ መስሎታል። ግራ እጁ ፊደሎቹን አጣመማቸው እንጂ አላሳሳታቸውም።

ከጸሎት በኋላ ሽማግሌዎቹ በጓዳው ክፍል ተሰበሰቡ። አባትየው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው፤ ጽሑፍ ሲመጣ ደግሞ የሚጠየቀው እሱ ነው። መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠጋ፤ የለመደው ኩራት መጣበት።

«ይህን የጻፈ ሰው ፊደል ያውቃል፣» አለ። «እዩ፣ ዐይኔን በዐይኑ ዐ። ሕመምን በሐመሩ ሐ። በዚህ ዘመን፣ በዚህ ጉባኤ ውስጥ እንዲህ የሚጽፍ በጣት ይቆጠራል።»

ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሳያበቃ ጣቶቹን መቁጠር ጀመረ። አንደኛው ራሱ ነው። ሁለተኛው ጋ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ።

ሰብሳቢው የሕንፃ ቀለም ሻጭ ነው፤ ነገር የማያባክን፣ ዝርክርክ የማይወድ ሰው። እሱም በበኩሉ ቆጥሮ ሌላ ሰው ጋ ደረሰ። የመዝሙር ወረቀቶቹን በእጁ እየጻፈ የሚገለብጠው ኦርጋን መቺው ነው፤ ያም ወረቀት ሁሉ ዐይን በዐይኑ ዐ ነው። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። አላገባም። «እኔ ሰው ሳይፈተን አልፈርድም፣» አለ ሰብሳቢው። «ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ያላገቡት ወንድ አገልጋዮች ሁሉ ይምጡ። የቃል ጽሕፈት እንስጣቸው። ወንድም ፊደል ለቃሚ ያርመዋል። ነገሩ ያኔ ይለያል።»

እንግዲህ አባትየው በገዛ አፉ የገባበት ገደል ይህ ነው።

«ቅዳሜ ስትጽፍ በአልፋው አ ትጽፋለህ፣» አለ አሁን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ቀን ብቻ ተሳሳት። ከዚያ አለቀ።»

«ጋሼ ኦርጋንስ?»

«እሱ ምን ሆነ?»

«እሱ እንደ ለመደው ይጽፋል። ይያዛል።»

«ይያዝ! ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ማን ያለቅስለታል?»

«ምን አድርጎ ነው ሰውዬው የሚያዘው?» አለች እናትየው።

ባሏን አየች፤ ልጇን አየች። እሑድ ከሴቶቹ ወንበር ላይ ሆና ያንን ወረቀት ሰምታለች፤ ጎረቤታቸውን በክርናቸው ከነኩት አንዷ ናት። የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ካውያው ሸሚዙ ላይ እንደ ተቀመጠ ቀርቷል።

«አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

ካውያውን አነሣች። ሸሚዙን ዘርግታ የተቃጠለውን ቦታ በጣቷ ዳበሰች፤ አጠፈችው፤ እንደገና ዘረጋችው። «ይሄ የአባትህ ነበር፣» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ያኔ ያን ሁሉ ቀን እህል አልበላም ስትል፣ ወስፋት ነው ብዬ መድኃኒት ገዛሁልህ እኮ» አለችና አጎንብሳ፣ ሸሚዙን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

አባትየው ልጁን ክንዱን ያዘው። «ስማኝ። የማርመው እኔ ነኝ። ያን ፊደል ወረቀትህ ላይ ካገኘሁ ስምህን የምጠራውም እኔ ነኝ። እኔ አባትህ። ይህን አታድርገኝ፣ የኔ ልጅ። እግርህ ላይ ልውደቅ?»

ልጁ በሕይወቱ አባቱን እንዲህ አይቶት አያውቅም። ቢቆጣው፣ ቢመታው ይሻለው ነበር።

&nbsp;

ልጁ እግዜር የለም ቢል በቀለለው። የማተሚያ ቤቱ ማሽን አንቀሳቃሽ እንዲህ ብሎ ተገላግሏል፤ እሑድ ጠዋት ተኝቶ ያረፍዳል፣ ሰውነቱም ወፍሯል። ልጁ ግን አንድም ቀን መጠራጠር አልሆነለትም። ገና በልጅነቱ፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ቀድሞ ገብቶ መስኮቶቹን ሲከፍት፣ አንድ የሚሰማው አካል እዚያ ያለ ይመስለው ነበር፤ አሁንም ይመስለዋል። ጭንቁም ይኸው ነው። ከሌለ ሰው ቤት መባረር ማንንም አያስፈራም።

በዐሥራ ስድስት ዓመቱ መዘምራን ሲገባ፣ አንድ የመዝሙር መጽሐፍ ለሁለት ነበር። አጠገቡ የቆመው የአንድ ሹፌር ልጅ ድምፁ ከዜማው ይወጣል፤ ገጹ እንዳይገለበጥ ግን አውራ ጣቱን ዳር ላይ ይጭንበታል። ልጁ ግጥሙን ትቶ ያንን ጣት ማየት ጀመረ። መዝሙሩ ስለ ምሕረት ነበር። ደረቱ ውስጥ የመጣውን ደስታ ከመዝሙሩ ለይቶ ማውጣት አልቻለም፤ የፈጣሪ ስጦታ መሰለው። መጀመሪያ አመሰገነ፤ የፈራው ኋላ ነው። አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ከሁለት ዓመት በኋላ የሹፌሩ ቤተሰብ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ልጁ ግን ከዚያ ወዲህ ዐይኑ ከወንድ በቀር ሌላ ላይ አላረፈም። ስምንት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ለመነ። ጾመ። ከመዘምራኑ አንዲቱን ልጅ እወዳለሁ ብሎ ራሱን ለማሳመን ስድስት ወር ቤቷ ድረስ ሸኛት፤ እሷም በመጨረሻ «አንተ ስትሸኘኝ ዘበኛ የሸኘኝ ነው የሚመስለኝ» ብላ ተወችው። ሰው የሚለምነው ነገር ሲከለከል ወይ መለመኑን ይተዋል፤ ወይ ልመናውን ይቀይራል። እሱ ልመናውን ቀየረ። አድነኝ ማለት ትቶ አታስወጣኝ አለ። ሣጥኗ ውስጥ የገባውም ይህ ነው።

ረቡዕ ዕለት ሥራ ቦታ ቀይ ብዕሩን ይዞ ሲያይ የማያነብ፣ ሲያነብ የማይገባው ሆኖ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ማሽን አንቀሳቃሹ አንድ የሰርግ ካርድ እያውለበለበ መጣ።

«ኑ እዩልኝ! ዳኛው ምን እንዳደረገ ኑ እዩ!»

«ሙሽራውና ሙሽራዋ» መባል የነበረበት «ሙሽራውና ሙሽራው» ተብሎ፣ ከሥሩ የሱ የእርማት ፊርማ ሰፍሮበታል። በዚያ ቤት ማንም ሰው የዳኛውን ስሕተት አይቶ አያውቅም። ጠራዦቹ ሁሉ ሥራቸውን ጥለው ተሰበሰቡ።

«ወንድ ለወንድ አጋባሃቸው እኮ ሰውዬ! ምናለ እኛን ብትጠይቀን!»

«አማቾቹ ቢያዩት ማተሚያ ቤቱን ነው የሚያነዱት!»

ሣቁ ጣራውን ነቀነቀው። ልጁም አብሮ ሣቀ። ከሁሉም በላይ ሣቀ፤ ዕንባው እስኪመጣ ድረስ፤ እስኪያፍሩና አንድ ሁለት እያሉ ወደ ሥራቸው እስኪመለሱ ድረስ።

&nbsp;

ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ ኦርጋን መቺው ጋ ሄደ። ጋሼ ኦርጋን የሚኖረው ከጫማ ሰፊው ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አልጋ፣ ሁለት ቁልፎቹ የማይጮኹ ትንሽ ኪቦርድ፣ መስኮቱ ላይ የጨጓራ መድኃኒት በረድፍ።

«ግባ፣ ግባ ዳኛው። ጫማህን እንዳታወልቅ፤ ወለሉ ከጫማህ የባሰ ነው።»

«ጋሼ፣ ስለ ቅዳሜ ነው የመጣሁት።»

«ሰምቻለሁ። የቃል ጽሕፈት! በአርባ ሰባት ዓመቴ! የደብተር ልባስም ያስፈልገኛል መሰለኝ።»

«ጋሼ፣ ዐይን የምትል ቃል ስትመጣ በአልፋው አ ይጻፏት። በተለመደችው። እባክዎን።»

ሰውዬው ግራ ገብቶት አየው። «የትኛዋ ናት የተለመደችው? ልጄ፣ እኔ እኮ ፊደል አላውቅም። የመዝሙሩን ወረቀት አንተ ካረምከው ላይ ነው የምገለብጠው። አንተ ክብ ካደረግህ ክብ፣ እግር ካወጣህለት እግር። ዝም ብዬ እንደ ኖታ ነው የምስለው።»

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ቀለለው። «እንግዲያውስ ይምጡ! ይምጡና እንደመጣልዎት ይጻፉ። ስሕተት ሲሆን ያዩታል፤ እርስዎን ይተዉዎታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በቃ።»

«በቃ አይሉም። ሰው መፈለግ የጀመረ ሰው ሳያገኝ አይመለስም።» ጋሼ ኦርጋን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ሆዱን በመዳፉ ያሸው ጀመር። «እኔ እዚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተቀምጫለሁ። መቼ ገባህ መቼ ወጣህ ሳይሉኝ። ለምን እንዳላገባሁ ታውቃለህ? እኔም አላውቅም። ሳስብ ሳስብ መሸብኝ። አሁን ተነሥቼ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለሁም ብዬ ፈተና ልቀመጥ? አልቀመጥም።»

«ካልመጡ እርስዎ ነዎት ይላሉ።»

«ይበሉ።»

«ጋሼ!»

«እኔን ካሉ ሌላ ሰው አይፈልጉም አይደል?» አለ፤ እያየው። ረጅም ጊዜ አየው። ከታች የጫማ ሰፊው መዶሻ ይሰማል።

ልጁ ሊወጣ ሲል ሰውዬው በሩ ድረስ ተከተለው። «አንድ ነገር ልለምንህ። አንድ ቀን ከነዚህ ሰዎች ትሸሽ ይሆናል። ያኔ ጌታን ከነሱ ጋር ደምረህ እንዳትጥለው።»

«እሱን መጣል ቢሆንልኝ መች እቸገር ነበር፣ ጋሼ?» አለ ልጁ። ደረጃው መሐል ላይ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን በጉልበቶቹ መካከል ቀበረ። የሚያልፍ ሰው አልነበረም።

&nbsp;

የቅዳሜው ፈተና የተሰጠው ከአዳራሹ ጀርባ ባለው የሕፃናት ማስተማሪያ ክፍል ነው። ወንበሮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ዐሥር ትልልቅ ወንዶች ጉልበታቸው አገጫቸውን እስኪነካ ታጥፈው ተቀመጡ። ዐሥራ አንደኛው ወንበር ባዶ ነው።

«እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ብዕር የያዝኩት ጺም ለመሳል ነው፣» አለ ከነሱ አንዱ፣ ፀጉር አስተካካዩ። «ከወደቅሁ ክፍል አስደግሙኝ።»

«አንተን የሚያስደግም ክፍል የለም፤ ከታች ነው የምትጀምረው፣» አለው አጠገቡ የተቀመጠው።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። ሣቁ ቆመ። አባትየው ከመምህሩ ጠረጴዛ ኋላ ቆሟል፤ የእሑድ ኮቱን ለብሷል። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንገቱ ከኮሌታው ቀጥኗል። ወረቀቱን ሳያይ፣ ፊደል ሲለቅም እንደ ነበረው በቀስታ፣ ቃል በቃል ማስጻፍ ጀመረ።

«ዐይኔን . . . ጠብቅልኝ።»

ቆመ። ሁሉም ይጽፋሉ። ልጁ ብቻ ብዕሩን አንሥቶ ይጠብቃል።

«ዐይኔን፣» አለ አባትየው ደግሞ። «አትጨነቁ። እንደመጣላችሁ ጻፉ። ማንም ቢሆን ይሳሳታል።» ይህን ሲል የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ልጁ ባዶውን ወንበር አየ። በአልፋው አ ቢጽፍ ማታ እናቱ ፊት ቁጭ ብሎ እራት ይበላል። ነገ ቀጭኑን የወንድ ድምፅ ከሚይዙት ቴነሮች መካከል ቦታው ላይ ይቆማል፤ አፉን ይከፍታል፤ ያ የሚሰማው አካልም ይሰማል፤ ምን እንዳደረገ እያወቀ ይሰማል። ጋሼ ኦርጋን ደግሞ ከጫማ ሰፊው በላይ ሆዱን ያሻል። ከቤትህ አታስወጣኝ ብሎ የለመነው ልጅ በገዛ እጁ ሌላ ሰው አስወጥቶ ቤት ውስጥ ሊቀር ነው። እንደ ልጅነቱ፣ ክብ አድርጎ፣ ዐይኑን ዐ ጻፈ። የቀረውን ዐረፍተ ነገር እንዴት እንደ ጨረሰው አያውቅም።

አባትየው ወረቀቶቹን ሰበሰበ። ቆሞ አረማቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ቀዩ ብዕር በየወረቀቱ ላይ ይጭራል። አምስተኛው ላይ ቆመ። ወደ አዳራሹ የሚገቡ መዘምራን ኮቴ ይሰማል፤ ከፈተናው በኋላ ልምምድ አለ። አባትየው ያንን ወረቀት ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ቆይቶ አየው። ከዚያ ከሌሎቹ ሥር ከተተው።

«እሺ?» አለ ሰብሳቢው።

«ሁሉም ተሳስተዋል፣» አለ አባትየው።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አንድም በትክክል የጻፈ የለም።» ወረቀቶቹን ለሁለት፣ ለአራት ቀደደና የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታቸው። «የሰው ስሕተት ማስቀመጥ ነውር ነው።»

ሰብሳቢው ዐሥራ አንደኛውን ወንበር አየ። «እንግዲህ ያልመጣው ሰው ራሱን ገለጠ ማለት ነው።»

ልጁ ተነሣ። ወንበሩ ከጉልበቱ ጋር ተያይዞ ተነሥቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«የሣጥኑን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ አፉን ከፍቶ ቀረ። አባትየው ፊቱን ሳያዞር፣ ጠረጴዛውን እያየ፣ «ልጄ ጋሼ ኦርጋንን ይወደዋል፣» አለ። «መዝሙር ያስተማረው እሱ ነው። ሊያድነው ብሎ ነው።»

«አባባ፣ ወረቀቴን ያሳዩዋቸው።»

«ወረቀትህን አይቼዋለሁ።»

«ያሳዩዋቸው!»

«ተሳስተሃል፣» አለ አባትየው። እንደገና አለው። «ተሳስተሃል፣ የኔ ልጅ።»

ፀጉር አስተካካዩ ትንፋሹን ለቀቀው። «ዳኛው ራሱ ከወደቀማ እኛ ምን ይፈረድብናል!» አለ፤ ሰዎቹ ሁሉ ከሚገባው በላይ ሣቁ፤ አንዱ የሌላውን ትከሻ እየመታ፣ ከሐኪም ቤት ደህና ነህ ተብሎ እንደ ወጣ ሰው።

ሰብሳቢው አልሣቀም። የአባትየውን ኪስ አየ፤ ቀጥሎ ልጁን አየ። ልጁ ያንን አስተያየት ያውቀዋል። ሥራ ላይ ስሕተት አይተው፣ ማሽኑ እንዳይቆም ብለው እንዳላዩ የሚያልፉ ሰዎች አስተያየት ነው። ሰብሳቢው ገባው። ገብቶት ደግሞ ተወው።

«ሰውን መውደድ ደግ ነገር ነው፣» አለው፣ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ወንበር እያነሣለት። «ግን በውሸት አይሆንም። አባትህን አታሳዝን። ይልቅ ለሰውዬው ደብዳቤ መጻፍ አለበት፤ ከእንግዲህ ኦርጋኑ ላይ እንዳይቀመጥ፣ ከጉባኤውም እንዲርቅ። ያንተ ጽሑፍ ያማረ ነው። ነገ ጠዋት ጽፈህ ታመጣልኛለህ።»

«አልጽፍም።»

ሰብሳቢው ግን ዞሮ ወደ አዳራሹ እየተጣራ ነበር። «ልምምዱን ጀምሩ! ዛሬ ያለ ኦርጋን ነው! ወንበሮቹን አስጠጉ!»

አባትየው ከጠረጴዛው ኋላ እንደ ቆመ ነው። እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ የተቀደዱትን ወረቀቶች ጨብጧል። ልጁ አጠገቡ ቆመ።

«ለምን፣ አባባ?»

«ሂድ ዘምር፣» አለ አባትየው። «ቦታህ አለ። ቦታህን አስቀመጥኩልህ እኮ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? በል ሂድ።» ፊቱ ላይ እንደ ልጅ ምስጋና የሚጠብቅ ነገር ነበር። ልጁ ይህን ማየት አቃተው። አጎንብሶ አባቱን ትከሻው ላይ ሳመው፤ ጠዋት ለሥራ ሲወጣ እንደሚያደርገው።

አዳራሹ ውስጥ ወንበር በወንበር ላይ ይጎተታል። መነሻውን ድምፅ ማን ይስጠን፣ ማን ያነሣልን እየተባለ ይጮኻል፤ አንዱ በጣም ከፍ አድርጎ ጀመረና ተሣቀበት። ነርሷ በመተላለፊያው መሐል ረጅሙን አግዳሚ ወንበር ብቻዋን ልታነሣ ትታገላለች።

«የኔ ጌታ፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

ያዘላት። ግድግዳው ድረስ ወሰዱት።

«ትንሽ ወደዚህ። ተወው፣ ይበቃል። ተባረክ፣» አለችና ሌላውን ልታነሣ ዞረች።

ልጁ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። በአዳራሹ ወገብ አድርጎ ወደ ዋናው በር ሄደ። እናቱ ልምምዱን ሊሰሙ ከመጡት ሴቶች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ የመዝሙር መጽሐፍ ገጽ ትፈልጋለች፤ መነጽሯን ረስታ መጽሐፉን ከፊቷ አርቃ ይዛዋለች። ትንሽ ቆሞ አያት። ከዚያ በሩን ገፋ።

ደረጃው ላይ ሁለት የዘገዩ ልጆች እያለከለኩ ሲወጡ አገኛቸው።

«ተጀመረ እንዴ?»

«ገና ነው። ድረሱ።»

ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለሉ አለፉት። ከላይ መዝሙሩ ያለ ኦርጋን ተነሣ፤ ከፍ ብሎ፣ እየተንቀጠቀጠ፤ ልጁም የቴነሩን ድምፅ ከንፈሩ ውስጥ ይዞ፣ ቃሉን አንዱንም ሳይስት፣ ደረጃውን ወረደ። በግቢው በር ወጥቶ አውቶቡስ ወደሚቆምበት በኩል ታጠፈ።